ፏፏቴው የጠፋ ዓመት

ሚሊኒየሙ ከገባ ሦስተኛው ዓመት ነበር፤ ወሩ ኅዳር፣ ቡናው ቀልቶ የጅማ ዙሪያ ሰው ሁሉ ለቀማ የወጣበት ጊዜ። የሆነውን የማኅበራችን ሴቶች በዓይናቸው አይተዋል። ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀው የነፍስ አባቴ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ለልጇ ሠርግ በሯንና መስኮቷን ስታስቀባ፣ ቀለም የሚያቀጥኑበት የአኳራጅ ሽታ ቤቴ ገባ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሳህኑን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ያ ሽታ ስንት ዓመት የቤቴ ሽታ ነበር። ልብሴ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ፣ አንዳንዴም ምግቡ ላይ ይሸተኝ ነበር። አማርሬ አላውቅም። ልጄ ቤት አለች ማለት ነው ብዬ አመሰግን ነበር።

ሰፈራችን ጊንጆ ያኔ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነም። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገቡ ኮብልስቶኑ አልተነጠፈም፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። ባጃጅ አንድ ብር ከሃምሳ ነው፤ እኛ ግን አብዛኛውን በእግራችን ነበር የምንሄደው። ማኪያቶ አራት ብር፣ ሻይ አንድ ብር። ልጃገረዶቹ ጠባብ ጂንስ ላይ ረጅም ሸሚዝ ይደርባሉ፤ ወንዶቹ ጸጉራቸውን በጄል ያቆማሉ። የሲዲ ቤቱ ድምፅ ማጉያ በር ላይ ወጥቶ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል። ግጥሙን ሳልፈልግ በቃሌ ይዤው፣ ኪዳን ቆሜ እንኳ ይመጣብኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከመንዝ በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ባለቤቴ፣ ልጃችን ጽጌ አሥር ዓመት ሲሞላት አረፈ። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ነን፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ትሪ።

ጽጌ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነበረች። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምራ ተመልሳ፣ ከኋላ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል መሥሪያ አደረገቻት። አቡጀዲ በእንጨት ላይ ትወጥራለች፣ ኮላና ነጭ ቀለም ትቀባዋለች፣ ሲደርቅ ትስልበታለች። ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ የጽጌ ሥዕል የሌለበት ካፌ ጥቂት ነው። በስተቀኝ ፏፏቴ፣ በስተግራ ጎጆ፣ ከጎጆዋ ጀርባ የቡና ጫካ፣ ከላይ ተራራ፣ ሰማዩ ላይ ሦስት ወፎች። አንዱ ባለቤት ፏፏቴው ይተልቅልኝ ይላል፤ አንዱ ደግሞ አራት ልጆች ስላሉት ወፎቹን አራት አድርጊልኝ ብሏት ነበር። ትልቁ ሥዕሏ ከአወቱ ወንዝ ድልድይ አለፍ ብሎ ባለው ካፌ ነበር። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ገብቼ ሥዕሉ ሥር ያለችው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሻይ አዝዤ ዝም እላለሁ። ሰው ቀና ብሎ፣ "እዚህ ውስጥ ገብቶ መኖር ነበር" ሲል እሰማለሁ። አስተናጋጇ፣ "የሠዓሊዋ እናት እኮ ናቸው" ትላለች። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አልጠጣውም ነበር፤ ቶሎ ጠጥቼ መነሳት አልፈልግም። ዛሬ እዚያ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ሰው ኳስ ያይበታል። ያኔ ሥር ሥሩ መቀመጤ ምስጋና ይመስለኝ ነበር። ትዕቢት ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አንድ የሊሙ ገነት ሰው አዲስ ለሚከፍተው ሆቴል የአዳራሹን ግድግዳ እንድትስልለት ጠራት። ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሆቴሉ ገና ስላላለቀ፣ ማደሪያ ያገኙላት ከጀርባው ካሉ አንዲት ሴትዮ ቤት ነው። አዴ ዘይነባ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው። ሙስሊም ናቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጡ። ሥራቸው አለላ ነው፤ ሣሩን ቀለም ይነክራሉ፣ ያደርቃሉ፣ ሰፌድና ሞሰብ ይሰፉበታል። የሊሙ መንገድ ያኔ አቧራ ነበር፤ እንደዛሬው አይደለም። በሩቅ አገር ያለች ይመስል ሦስቱን ሳምንት ቆጠርኩት። የሰው ቤት ማደሯን አልፈራሁም። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ግማሽ ጎረቤቶቼ ሙስሊም ናቸው። የፈራሁት ምግቡን ነው። ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዬም እሱ ነበር።

"ምን ስትበዪ ከረምሽ?"

"አዲስ ድስት ገዙልኝ እኮ፣ እማ። ሥጋ ነክቶት የማያውቅ። የኔን በዚያ ብቻ ነው የሚሠሩልኝ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እሳቸው ናቸው የሚያስታውሱኝ፤ 'ማሎ፣ እባክሽ ጽጌ፣ ዛሬ ሰዓትሽ ሳይደርስ እንዳትቀምሺ' ይሉኛል።"

አፌ "እግዜር ይስጣቸው" አለ። እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ሥጋ አበሉኝ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የምቀየምበት ነገር አገኝ ነበር።

ከዚያ በየሳምንቱ ሊሙ መሄድ ጀመረች። ሥራው አልቋል፣ ግድግዳው ተስሏል፤ እሷ ግን ትሄዳለች። ባለባትሪዋ ትንሽ ስልክ የሁለታችን ነበረች። አንድ ቀን ጮኸች፣ ጽጌ አነሳችና ፊቷ በራ። "ሃርሜ" አለች። በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። እኔን እማ የምትለኝ ውኃ አቀብዪኝ በምትልበት ድምፅ ነው። ያችኛዋን ግን እንደ ዘፈን አለቻት። ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ልጣጭ ይዤ ቆምኩ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው አልኩ። ሞት ባሌን ሲወስደው ዝም ብያለሁ፤ ለዚህ ግን ዝም የምልበት አቅም አጣሁ። ለእመቤታችን ነገርኳት። ስለት ለመሳል ግን አፈርኩ። ለጠላት መጥፎ ነገር አይሳልም፤ የሴትዮዋ ጥፋት ደግሞ ምን ብዬ ልንገራት?

ሥዕሎቹ ከዚያ በኋላ መራቆት ጀመሩ፤ ሌባ እንደለመደው ቤት። መጀመሪያ የጠፉት ወፎቹ ናቸው። ቀጥሎ ጎጆዋ። "ጎጆዋስ?" ስላት፣ "አላስፈለገችም" አለችኝ። በሌላ ሳምንት ፏፏቴው የለም። ተራራው ትንሽ ቆየ፤ እሱም እየለሰለሰ ሄዶ መስመር ብቻ ሆነ። በመጨረሻ መስመሩም ጠፋ። ከላይ አንድ ቀለም፣ ከታች አንድ ቀለም። ካፌዎቹ ሲጠይቋት ፏፏቴ አልሠራም ትላቸዋለች። ያ የአራት ወፎቹ ሰውዬ እቤት ድረስ መጥቶ፣ "እትዬ አስካለ፣ ልጅቷን አሟታል እንዴ?" አለኝ። "ደህና ናት" አልኩት። ሲወጣ በሩን ይዤ አለቀስኩ። ስለ ፏፏቴው አልነበረም። ማን እንደወሰደው አውቃለሁ ብዬ ነው።

አንድ ከሰዓት ሰርቪሷ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ቀለሙን እንደ ውኃ እስኪሆን ታቀጥነዋለች፣ በሰፊ ብሩሽ ታለብሰዋለች፣ ሲደርቅ ትደግማለች።

"ስንተኛው ነው?" አልኳት።

"አሥራ አንደኛ።"

"አሥራ አንዱም ቀይ?"

"አንድ ዓይነት ቀይ አይደለም እኮ። አዴ ዘይነባ አለላውን ነክረው ያወጡታል፣ ያደርቁታል፣ መልሰው ይነክሩታል። ስድስት ሰባት ጊዜ። አንዴ ብቻ የተነከረውን አጠገቡ ብታስቀምጪው ወዲያው ታውቂዋለሽ።"

"እኔ አላውቀውም።"

"ስላላየሽው ነው።"

"አሳይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

ብሩሿን ነክራ ወደ ሥዕሉ ዞረች። እኔም ወደ ጓዳዬ ተመለስኩ። ዝምታውን ከእኔ ነው የወረሰችው።

ያንኑ ሥዕል በኅዳር መጀመሪያ ሳሎናችን ሰቀለችው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ከላይ ጥቁር የሚመስል አረንጓዴ፣ ከታች ቀይ፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል፣ ከሁለቱም ያልሆነ ቀለም።

"ላንቺ ነው" አለችኝ።

"ምንድነው?"

"ዝም ብለሽ እዪው።"

"አየሁት። ምንድነው?"

ሳቀች። የንቀት ሳቅ አልነበረም። "አዴ ዘይነባ እኮ ሊሙ የመጀመሪያውን ሳሳያቸው ምንድነው አላሉኝም። በርጩማቸውን ሳቡና 'ጋሪዳ' አሉ። ከዚያ ስፌታቸውን ይዘው አጠገቡ ዋሉ።"

ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው። እኔም ልለው እችል ነበር። አልወጣኝም።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። የእመቤታችን ማኅበር አለን፤ በየወሩ በሃያ አንድ እንጠጣለን፣ የዚያ ወር ተረኛ እኔ ነበርኩ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ድፎ ዳቦ አዘጋጀሁ። ጽጌ ሊሙ ናት፤ እሑድ ነው የምመለሰው ብላኛለች። ቤቱን ጠርጌ ስጨርስ ቀና ብዬ ያንን ቀይ አየሁት። ሴቶቹ ምን ይሉኛል አልኩ። አፌ ይህን ይበል እንጂ ልቤ ሌላ ነበር፤ የአዴ ዘይነባ ዓይን ከገዛ ግድግዳዬ ላይ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ለምጸልይበት ሥዕለ አድኅኖ መጋረጃ ከገዛሁት ጨርቅ የተረፈ ነበረኝ፤ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ሐረግ ያለው። ሁለት ምስማር መትቼ፣ ሲባጎ ወጥሬ ጋረድኩት። ዓይኔ አረፈ። በእኛ ቤት ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚጋረድ አላሰብኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሼ፣ አላሰብኩም።

ቀድመው የገቡት እትዬ አበበች ናቸው፤ በዕድሜ ትልቋ፣ ዓይናቸውን ሞራ የሸፈናቸው። ዛሬ ሐኪሞች በዘመቻ እየመጡ ይገፍፉታል፤ ያኔ ሰው እንዲሁ ይቀመጥ ነበር። ክንዳቸውን ይዛ ያስገባቻቸው ጎረቤቴ ሙሉ ናት። ነጩን ነገር በእጃቸው ዳሰሱት፣ ሐረጉን አገኙት፣ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት።

"እመቤታችን ናት? ትልቅ አድርገሽ አሠራሻት፣ አስካለ። ተባረኪ።"

አፌን ከፈትኩ። ሙሉ ቀድማ ግንባሯን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። ከኋላዋ ሌላዋ ቆመች። ከእሷ ኋላ ሌላዋ። አሥራ አንድ ሴት ተሰልፎ ተሳለመ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ያን ቃል ብናገር ግለጪውና እንየው ይላሉ። ካዩ በኋላ ደግሞ የፏፏቴዋ ልጅ ምን ነካት ይላሉ። ስለዚህ እንጀራውን አቀረብኩ።

አባ፣ የነፍስ አባቴ፣ የመጡት ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ነው። ዳቦውን ሊባርኩ ተነስተው ሳለ መጋረጃው ላይ ዓይናቸው አረፈ።

"አስካለ፣ ይህ ሥዕል መቼ ገባ? ሳይባረክ ነው የምትሳለሙት?"

በሩ ተከፈተ። ጽጌ ናት። ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ሴትዮ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰፌድ የታቀፉ። አይቻቸው አላውቅም፣ ግን አወቅኋቸው። ጣቶቻቸው እስከ አንጓቸው ቀይና ሐምራዊ ናቸው። የልጄም ጣቶች እንደዚያው። እኔና ጽጌ በአፍንጫ እንመሳሰላለን ይሉናል። በእጅ ግን የእሳቸው ልጅ ነበረች።

"ጽጌ፣ ነይ ተሳለሚ እንጂ" አለች ሙሉ።

ጽጌ ከበሩ አልተነቃነቀችም። አባ በሁለት ጣታቸው መጋረጃውን ሳቡት።

ሙሉ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባ ወደ ላይ ወደ ታች አዩት።

"ይህ ሥዕለ አድኅኖ አይደለም።"

"አይደለም፣ አባ።"

"ልጅሽ የሠራችው ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ጋረድሽው?"

ለእሳቸው መዋሸት አልችልም። ጽጌ ታየኛለች።

"ፀሐይ እንዳይበላው ነው" አሉ አዴ ዘይነባ ከበሩ። "ኤ፣ እኔም ቤት እጋርደዋለሁ፣ አባ። ቀለም ፀሐይ አይወድም። እሷ ታውቃለች።"

ያ ግድግዳ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ጽጌ ታውቃለች። አዴ ዘይነባም ቤቱን አንዴ ሲያዩት ሳያውቁ አልቀሩም። የፈራኋቸው ሴት በገዛ ቤቴ አዳኑኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውለታ ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

እትዬ አበበች ከተቀመጡበት፣ "ቀይ ነው እንዴ?" አሉ። "ከታች ቀይ፣ ከላይ ጥቁር?"

"አረንጓዴ ነው፣ ጥቁር የመሰለዎት" አለች ጽጌ።

"ፊት ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። ሁላችሁንም በድምፅ ነው የማውቃችሁ። ይሄ ግን ይታየኛል። ሙሉ፣ ቅርብ አድርጊኝ።"

ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ሳቡላቸው። ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያንን ቀይ እያዩ በሉ። በቤቱ ካለው ሰው ሁሉ ያላየሁት እኔ ብቻ ሆንኩ።

ያኔ ነው አዴ ዘይነባ አሁንም ቆመው እንዳሉ ያስተዋልኩት። "ይቀመጡ እንጂ" አለቻቸው ሙሉ።

"አልቀመጥም። ለሽምግልና ነው የመጣሁት። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ እናንተም ጋ እንዲያ ነው፣ አይደል አባ?"

"እንዲያ ነው" አሉ አባ፣ ፈገግ ብለው።

"ወንድ ልጅ አለዎት እንዴ?" አለች ሙሉ።

"የለኝም። ለራሴ ነው የምጠይቃት።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞሩ። "የጽጌ እናት፣ ከቤቴ ጎን ሰፊ ክፍል አለኝ፣ ብርሃን የሚገባው። ልጅቷ ትልልቁን መሥራት ትፈልጋለች፤ እዚህ ማቆሚያ የላትም። አንቺን ፈርታ አትናገርም፣ እኔ ልናገር ብዬ ይዣት መጣሁ። እምቢ ካልሽ ብቻዬን እመለሳለሁ፣ እሷ ትቀራለች። ምላልኛለች።"

ሁሉም እኔን አየ። እኔ ዳቦውን አነሳሁ። አባ ባረኩት፣ ቆረስኩት፣ ለእያንዳንዷ አደልኩ። ጽዋው ዞረ። አዴ ዘይነባ ቆመዋል። ከሊሙ ድረስ በዚያ አቧራ ተጭነው መጥተው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ያዛውሩ አልኩ በልቤ። ሃያ ሁለት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ በአንድ ድስት ሊወስዷት የመጡ ሴት፣ ትንሽ ይቁሙ። ንፍሮውን ደግሜ አቀረብኩ። ማንም ያላዘዘውን ውኃ ቀዳሁ። ቀና ስል ጽጌን አየኋት። ወንበር ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር፤ እሳቸው ቢወድቁ የምትደግፋቸው፣ እኔ ብናገር የምታስቀምጣቸው። አለመነችኝም። ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ወንበሩን ብቻ በሁለት እጇ ይዛለች። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ብቻዋን የኖረች ልጅ ናት፤ ምን ያህል ልጠብቅ እንደምችል ታውቃለች፣ እሷም የዚያን ያህል ልትጠብቅ ቆማለች።

"ይቀመጡ" አልኳቸው።

ጽጌ ወንበሩን አቀረበች። ሙሉ፣ ሠርግ የሆነ ይመስል፣ እልል አለች። ደግ ሆኜ አልነበረም። ልጄ ቆማ ማየቱ ደክሞኝ ነው። አባ ሲወጡ እስከ ደጅ ሸኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጋረጃውን፣ ዝም ማለቴን፣ ሴትዮዋን ማቆሜን። ስግደት አዘዙልኝ።

"ቅናቱስ፣ አባ?" አልኳቸው።

"እሱን ቀስ እያልሽ" አሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ዛሬ ቀስ እያልኩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ ቤቴ ያደሩት ሁለቱ የጽጌን ዕቃ ባጃጅ ላይ ጭነው ጨርሰዋል። ጽጌ አቀፈችኝ። መናኸሪያ ድረስ ልሸኛችሁ ብዬ ገባሁ። የሊሙ ሚኒባስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

"ስንት ናችሁ?" አለ ሾፌሩ።

"ሁለት" አለች ጽጌ።

"ሦስት" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። "ክፍሉን ሳላይ አልመለስም" አልኳቸው። ጽጌ ገብታ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። አዴ ዘይነባ ሊከተሏት እግራቸውን ሲያነሱ ክንዳቸውን ያዝኩ፣ "ይቅርታ፣ አዴ" አልኳቸው፣ ቀድሜያቸው ገባሁና በመሐላቸው ተቀመጥኩ።